ውስኪውን እሱ ይግዛ

«ውስኪውን እሱ ይግዛ። ሞጆ ግን እንዳይሄድ።»

ይህን ያለችው የሰብስቤ ታላቅ እህት አበዛሽ ናት። እሱ ገና ከአልጋው አልወረደም። የእሱን ክፍልና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፣ በጋዜጣው ላይ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ድምፅ ግን አያግድም። በዚህ ቤት አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከማዶ ሆኖ «ይማርህ» ሲል ነው የተኖረው። ስለዚህ አበዛሽ ወይ ግድግዳውን ረስታዋለች፣ ወይ ደግሞ እንዲሰማት ፈልጋለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ሰብስቤ ጣሪያውን እያየ ቢያሰላስል ሊለይለት አልቻለም። ቀጥሎ የልጇ የሙሉብርሃን ድምፅ መጣ። «አጎቴ እኮ ነው እማዬ። የት ሄደ ቢሉስ?» አላት ዝቅ አድርጎ። «ታሟል እንላለን። ለእነ አቶ ነጋሳም እንደዚያው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ጠጥቶ አፉን ከሚከፍትብን ታሟል ማለት ይሻላል» አለችው።  ሰብስቤ ልጁ አንድ ቃል ይጨምር እንደሆነ ብሎ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀው። የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ተሰማ እንጂ ልጁ የጨመረው ነገር አልነበረም። ሰብስቤ ሳይታወቀው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ትኩሳት የለውም።

ነገሩ የጋብቻ ነገር ነው። ሙሉብርሃን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል፤ የሞጆው ባለ ከባድ መኪና የአቶ ፈይሳ ልጅ ጉዲቱን ደግሞ እዚሁ ናዝሬት አብረው ሲማሩ ጀምሮ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። አቶ ፈይሳ ነገ ጎሕ ሲቀድ የእርዳታ እህል ሊጭኑ ወደ አሰብ ይነሳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ እሳቸውም አያውቁም። አንድ የሻሸመኔ ነጋዴም ልጅቷን ለልጁ ጠይቋል። «እስከ እሑድ የሚመጣ ካለ ይምጣ፤ ካልመጣ ለሻሸመኔው ቃል ሰጥቼ ነው መንገድ የምገባው» ማለታቸው ተሰምቷል። ዛሬ እሑድ ነው። ከባቡር ጡረታ የወጡት አቶ ነጋሳና የሰፈሩ ልብስ ሰፊ አብዱልመናን ለሽምግልና ተመርጠዋል። ሦስተኛው የእናቱ ወንድም መሆን ነበረበት። ሙሉብርሃን አባቱ ሲሞትበት በቅጡ እንኳን መናገር አልጀመረም ነበር፤ አዝሎ ትምህርት ቤት ያደረሰው፣ ኩፍኝ ሲይዘው ሐኪም ቤት ደጃፍ ያደረው፣ የመጀመሪያ ሱሪውን ያሰፋለት ሰብስቤ ነው። የራሱ ልጅ የለውም። ይህን ሁሉ አበዛሽ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሰብስቤን ያንገበገበውም ይኸው ነው።

እውነት የላትም ማለት ግን አይቻልም። አምና በአንድ ጎረቤት ልጅ ቀለበት ላይ ሰብስቤ ኮኛኩን ደገም ደገም አደረገና፣ የልጅቷን አባት፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት፦ «ጓድ፣ የቀበሌው ስኳር ሌሊት ሌሊት ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነበር። ሰው ሁሉ በየቤቱ የሚጠይቀው ነው። ሰብስቤ ግን ከቀለበቱ በቀጥታ ቀበሌ እስር ቤት ገባ፤ አበዛሽም ምሳ ስታመላልስ ከረመች። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ዓይኗ ከእጁ አይነቀልም። እሱም ያን ዓይን ሽሽት ግብዣ መሄድ ትቷል።

ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ሲገባ አበዛሽ በከሰል ካውያ የልጇን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ልጁ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደማይገባ እያወቀች ነው የምትተኩሰው። ቀና ሳትል ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «ደህናውን ለይተህ አምጣ። አንተ ታውቅበት የለ?» አለችው። ብሩን ኪሱ ከቶ ሳይወጣ ቆመ። የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። «ሱፍ ልብስህን አምጣና ልተኩስልህ» ብትለው ከግድግዳው ወዲህ የሰማውን ሁሉ እዚያው ቁጭ ያደርገው ነበር። አበዛሽ ጣቷን አርጥባ የካውያውን ሙቀት ሞከረች፣ እጅጌውን ገለበጠች፣ እንደገና መለሰችው። «አንተ ዛሬ አረፍ በል። ሌሊት ስትስል ነበር» አለችው በመጨረሻ። ሌሊት አልሳለም፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ሻዩን ሳይነካ ወጣ።

የናዝሬት ነፋስ በዚያ ጠዋት ገና ከማለዳው አቧራውን ይዞ ተነስቶ ነበር። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነዋሪውን ለስብሰባ ይጠራል፤ ሴቶች ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ አድርገው ወደ አዳራሹ ይሄዳሉ፤ ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን ጥላ ስር አቁመው ተጋድመዋል። ሰብስቤ ወደ ከሪማ ቤት ነው የሚሄደው። ከሪማ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ ልብስ በቤቷ ትሸጣለች፤ በጨርቁ መካከል ደግሞ ሌላም ሌላም ነገር ይመጣል። በዚህ ከተማ እውነተኛ ውስኪ የሚገኘው እንዲህ ነው። በየቡና ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ጠርሙሱ እንጂ ውስጡ የስኮትላንድ አይደለም፤ ባዶውን ጠርሙስ ገዝተው አልኮል በውሃ አቅጥነው፣ በተቃጠለ ስኳር አቅልመው ይሞሉታል። ስኳሩ ከወንጂ ነው፤ ምናልባትም ሙሉብርሃን ራሱ የሚለካው ስኳር ነው። ብዙ ባለሥልጣን ይህን ሲጠጣ አምሽቶ «ውስኪ ራስ አያሳምምም» እያለ በማግስቱ ግን ራሱን በሻሽ አስሮ ይውላል።

ከሪማ ጎበዝ ነጋዴና ጠንቃቃ ሙስሊም ናት። ጠርሙሱን በእጇ አትነካም። «ከአልጋው ስር ሁለተኛው ጆንያ ነው፤ ራስህ አውጣው» አለችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰብስቤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ጆንያውን ፈታ። ካኪ ወረቀት ውስጥ የተጠቀለሉ ጠርሙሶች ናቸው። አንዱን አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘው፣ ዘቀዘቀው፣ አረፋው እንዴት እንደሚወጣ አየ፣ የክዳኑን ቀለበት በጥፍሩ ዳሰሰ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። «ልትገዛ ነው ወይስ ልትስመው?» አለች ከሪማ ዞር ሳትል። «ለሽምግልና ነው» አላት። «ማሻ አላህ! ታዲያ አንተ ነህ የምትመራው?» አለችው። ሰብስቤ «አዎ» አለ። ይህን ያለበት ምክንያት ለራሱም አልገባውም። ስልሳ ብር፣ የደሞዙን ግማሽ የሚያህል ገንዘብ፣ የአልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሰብስቤ ውስኪ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አይደለም፤ ከየት አምጥቶ! የእሱ መጠጥ የድሃው መጠጥ ነው፣ ይህንንም በኩራት ነው የሚናገረው። በስሙኒ የምትገኝ አንዲት መለኪያ አረቄ፣ ሁለቴ የወጣች ዳግም ከሆነችና የጌሾው ጢስ ካልገባባት፣ ከማንም የፈረንጅ ጠርሙስ እንደማታንስ ይምላል። ኡዞ ሲያገኝ ውሃ ጠብ አድርጎበት እንደ አጓት ሲነጣ ማየት ደስ ይለዋል። ጂን ለሙቀት ቀን ነው ይላል፣ ኮኛክ ለብርድ ነው፤ ናዝሬት ብርድ ስለሌለ ኮኛክን የሚጠጣው ብርዱን እያሰበ ነው። ርካሽ መጠጥ ቀስ ብሎ ከተጠጣ ርካሽነቱ ይጠፋል፤ አጥፊው መቸኮል ነው ይላል። ውስኪን የቀመሰው ባቡር ጣቢያው ዕቃ ቤት ሥራ ሲጀምር አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲሸኝ ነው። ጢስና የቆየ እንጨት የሚሸት፣ ከጉሮሮ ከወረደ በኋላም የማይሄድ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመኘው አንድ ቀን ከሽማግሌ ጋር በወግ ተቀምጦ፣ ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ የሰው እጅ እየቀዳለት፣ ማንም ዓይኑን ሳያፈጥበት አንዲት ብርጭቆ መጠጣት ነው። የእህቱ ልጅ የቃል ቀን ያ ቀን ይሆናል ብሎ ለዓመታት ሲያስብ ኖሯል።

አበዛሽ የግቢው በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ጠርሙሱን ተቀብላ በነጠላዋ ስር አደረገችው። «ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው» አለችው፤ ከበሩም ፈቀቅ አላለችም። ሰብስቤ ገባው። ታሟል የተባለ ሰው በእግሩ ሲሄድ እንዲያዩት አትፈልግም። «እሺ እትዬ» ብሎ ተመለሰ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር ሲል በሩ ተዘግቷል።

ሽማግሌዎቹ ከሞጆ እስኪመለሱ ድረስ አንዲት ጠብታ በአፌ አላስገባም ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ማታ ሲመጡ በንጹሕ ትንፋሽ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊላቸው፣ እነሱም ሊያፍሩ። ይህን ካሰበ በኋላ ግን የሚቀመጥበት ቦታ አጣ። ባቡር ጣቢያ ሄደ፤ የሥራ ቀን ስላልሆነ ዘበኛው «ምን ረሳህ?» አለው። ወደ ገበያው ወረደ፣ ምንም ሳይገዛ የሽንኩርት ዋጋ ጠየቀ፣ ተወዶ አገኘው፣ ለማይገዛው ሽንኩርት ከሻጯ ጋር ተጨቃጨቀ። አንድ ቡና ቤት ገብቶ ሻይ አዘዘ፤ ሻዩ ሳይመጣ ወጣ። የሞጆ አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ ሲደርስ እግሩ ቆመ፤ ረዳቱ «ሞጆ፣ ሞጆ! አንድ ሰው!» ይላል። አንድ እግሩን መረገጫው ላይ አድርጎ ነበር። ሄዶስ ምን ሊል ነው? የታመምኩት ሰውዬ እኔ ነኝ ሊል? እግሩን አወረደ። ረዳቱ ሰደበው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሻሼ አረቄ ቤት ራሱን አገኘው። ለመጠጣት አይደለም፣ ለጥላው ነው። ሻሼ ግድግዳው በኖራ በተቀባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር አላት፤ በሩ ላይ መጋረጃ ጥላ ዝንቡንና ቀበሌውን ትከላከላለች። መለኪያውን ልትቀዳለት ስትል በእጁ ከለከላት። «ዛሬ ውሃ ስጪኝ» ሲላት ሳቀች፤ ከዚያ እውነቱን መሆኑን አየችና ሳቋን ትታ ውሃ አመጣችለት። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የጋሪ ነጂ ቆሎውን እያሸ፦ «አቶ ሰብስቤ፣ አቶ ነጋሳን የሞጆ አውቶቡስ አደረስኳቸው፤ የእህትህ ልጅ ሽማግሌ ልኳል አሉ። አንተ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ሌላም ሰው ቀና ብሎ አየው፤ ሻሼም አየችው። ሰብስቤ ውሃውን ወደ ጎን ገፋ። «ቅጂልኝ» አላት።

የመጀመሪያይቱን እንደ ልማዱ አልጠጣትም፤ በአንዴ ገለበጣት፤ አረቄዋም ተቀየመችና ደረቱን አቃጠለችው። ሁለተኛዋን ቀስ አለላት። ሻሼ በእውነት እጅ አላት፤ የዚያን ቀኑ ዳግም ነበር፣ ጥርት ያለ፣ ምላስ ላይ መጀመሪያ የሚያቃጥል ኋላ የሚጣፍጥ። ቆሎ ቆረጠመ፣ ጠብታ ቀመሰ፣ እንደገና ቆረጠመ። ከጠዋት ጀምሮ የሚያባንነው ነገር እጆቹን ለቀቃቸው። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሻሼ «ጠንክሮብህ ነው» አለችው፤ እሱም «ጠንክሮብኝ ነው» አላት። በጣም ከፍቶት ነበር።

መጋረጃውን በኃይል ገልጦ የገባው ሙሉብርሃን ነው። የተተኮሰው ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «ጋሼ፣ ጉድ ሆነናል! ተነስ ቶሎ!» አለው። ሰብስቤ መለኪያውን ሳያስቀምጥ አየው። ልጁ አቶ ነጋሳ ጓዳ ገብተው ሹክ ያሉትን እየተቻኮለ ነገረው። ሽማግሌዎቹ አቶ ፈይሳ ደጅ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ እሳቸውም በጥሞና ሰምተው «ኤሱማው የታለ?» ብለው ጠየቁ። ኤሱማ በኦሮሞው ዘንድ የእናት ወንድም ነው፤ ያለ እሱ እንዲህ ያለ ወሬ አይጀመርም። አቶ ነጋሳ እንደተነገራቸው «ታሞ ተኝቷል» አሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አበዛሽ ስንቱን አስልታ አንዱን ዘንግታዋለች፤ በዚህ አገር ታሟል የተባለ ሰው ይጠየቃል። አቶ ፈይሳ ተነስተው፦ «ኤሱማው አልጋ ላይ ወድቆ እኔ ስለ ሰርግ አላወራም። ነገ መንገደኛ ነኝ፣ ዛሬውኑ ልጠይቀው» አሉ። ብርቱካን አስገዙ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ጋቢና አስገብተው ኤንትሬ ከባድ መኪናቸውን አስነሱ። የልጅቷ አባት ቃል ሳይሰጥ የልጁ ቤት ሲሄድ ታይቶም አይታወቅ፤ ግን ማን ይከልክላቸው? «አሁን ሳሎን ተቀምጠዋል» አለ ሙሉብርሃን። «እማዬ ሐኪም ቤት ሄዷል፣ አሁን ይመጣል ብላቸዋለች። ከሐኪም ቤት የመጣህ ምሰልና ገብተህ ተኛ። ትንሽ አቃስት። ከዚያ በላይ ምንም አትናገር፣ በእናትህ!»

ከዚያ ጠጋ ሲል አፍንጫው ነገረው። «ጠጥተሃል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ውይ ጋሼ! ዛሬ?»

«ቀትር ድረስ ብትመጣ አፌ ባዶ ነበር» አለው ሰብስቤ። ሻሼ ከጓዳ ቅርንፉድ አምጥታ አስቆረጠመችው። ልጁ ተንደርድሮ ወጥቶ ጋሪ አቆመ።

ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የፈረሱ ኮቴ፣ የጎማው መንጓጓት፣ አቧራ። ግማሽ መንገድ ላይ ሙሉብርሃን ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ «ጠዋት ሰምተኸን ነበር እንዴ?» አለው። «ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው» አለው ሰብስቤ።  ያኔ ሰብስቤ አንድ ነገር ገባው፣ ገብቶትም ሞቅ አለው። ዛሬ የአበዛሽ ክብር በእጁ ነው። «አልታመምኩም፤ እህቴ ናት አፍራብኝ ታሟል ያለችው» ብሎ አንድ ጊዜ ቢናገር በቂ ነው። አቶ ፈይሳ የሚዋሽ ቤት ልጃቸውን አይሰጡም፤ ለሻሸመኔው ቃል ይሰጣሉ። አበዛሽም ሰው ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ ታየዋለች። ይህን ቃል እንደ ቅርንፉዱ እያላመጠ ነው ሰፈር የደረሰው። ኤንትሬው ጠባቧን መንገድ ዘግቶ ቆሟል፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ጎማውን ይነካካል።

ሲገባ አቶ ፈይሳ ተነሱ። ቁመታቸው ረዥም፣ እጃቸው የመኪና መሪ የለመደ፣ ፊታቸው የዋህ ሰው ናቸው። «ኤሱማ! አካም? ይማርዎ፣ ይማርዎ! ለምን በእግርዎ መጡ?» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ስበው ትከሻ ለትከሻ ሳሙት። ከዚያ እጃቸው ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሙ። ቅርንፉዱ የሻሼን ዳግም አልቻለውም። አቶ ፈይሳ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ፣ ወደ አቶ ነጋሳ አዩ፣ ከዚያ ወደ አበዛሽ አዩ። «ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ይህ ነው?» አሉ። አቶ ነጋሳ መሬት መሬቱን ያያሉ። አብዱልመናን መቁጠሪያውን ያዘና ሳይቆጥር ቆመ። አበዛሽ ትሪ ይዛ የጓዳው በር ላይ ነበረች፤ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ልታስቆማቸው ትሪውን ደረቷ ላይ ብታስደግፈውም አልቆሙም። ሰብስቤ ያን የብርጭቆ ድምፅ ሰማ። እህቱ ስትፈራ አይቶ አያውቅም፤ ባሏ የሞተ ቀን እንኳን እንዲህ አልሆነችም። ሲያላምጠው የመጣው ቃል አፉ ውስጥ መረረው።

«እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለ።

ሁሉም ቀና አሉ።

«ጠዋት አሞኛል ብዬ ተኛሁ። እህቴ ሱፍ ልብሴን ተኩሳ፣ ሸሚዜን አዘጋጅታልኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እኔም ወጥቼ አረቄ ቤት ገባሁ። እሷ እውነት ሐኪም ቤት የሄድኩ መስሏታል። የምታውቀው ነገር የለም፤ ልጁም የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ለእህትህ ልጅ ቃል በሚጠየቅበት ቀን?» አሉ አቶ ፈይሳ። እርስዎ ማለታቸው ቀርቷል።

«አዎ።»

አቶ ፈይሳ ተቀመጡ። ከውጭ ልጆቹ የኤንትሬውን ጥሩንባ ሊነኩ ሲሞክሩ ሲባረሩ ይሰማል። ከዚያ ወደ አበዛሽ ዞሩ። «እመቤት፣ በእርስዎ አልፈርድም» አሉ። «በየቤቱ እንዲህ ያለ አንድ አይጠፋም፤ የእኔም ወንድም መቂ ላይ እንዲሁ ሲል ነው ያለቀው። እንዲህ ያለ ሰው ቤትዎ ይዘው ይህንን ልጅ ብቻዎን ለዚህ ማብቃትዎ ነው የሚገርመኝ። ብቻዎን ያሳደጉት ልጅ ልጄን አይበድላትም። ሰጥቻለሁ።» አቶ ነጋሳ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ በምስጋና ጉልበታቸውን ሊነኩ ጎንበስ አሉ፤ አቶ ፈይሳ አነሷቸው። አበዛሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ እልልታው ግማሽ ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ሰው ሁሉ የደስታ ነው አለ። ሙሉብርሃን በር ላይ እንደቆመ አጎቱን ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ አፉን ሊከፍት ሲል ሰብስቤ ራሱን ነቀነቀበት፤ ልጁም ተወው።

ጠርሙሱ ከአቶ ነጋሳ ዘንቢል ወጣ። ክዳኑ ሲፈታ ጠብ ያለው ድምፅ፣ ቀጥሎ የመጣው ሽታ፣ ልክ እንደዚያ የመሐንዲሱ ቀን ነበር፤ ጢስና የቆየ እንጨት። አበዛሽ ለአቶ ፈይሳ ቀዳች፣ ለአቶ ነጋሳ ቀዳች፣ ለአብዱልመናን ሚሪንዳ ተከፈተለት። ሰብስቤ ዘንድ ስትደርስ ጠርሙሱን አዘንብላ ነበር። «ለሱ ይተዉት፣ ይቅርበት» አሉ አቶ ፈይሳ። ጠርሙሱ ቀና አለ። አቶ ፈይሳ ከወንበሩ ስር የብርቱካኑን ከረጢት አንስተው ጭኑ ላይ አኖሩለት። «ለበሽተኛ ብዬ ነው ያመጣሁት። ይኼም በሽታ ነው፣ እንካ» አሉት። ሰብስቤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። አቶ ነጋሳ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው «የደህና ሰው ምርጫ ነው!» አሉ፤ ማን እንደመረጠው የጠየቀ የለም። ሰብስቤ ከረጢቱን ይዞ በጓዳው በኩል ወደ ጓሮ ወጣ።

የውሃ በርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሳለ አበዛሽ መጣች። ወደ ኋላዋ አየች፣ ከነጠላዋ ስር አንድ ብርጭቆ አወጣች። እስከ አፉ ሞልታዋለች። «ጠጣው ወንድሜ። ማንም አያይህም» አለችው።

ሰብስቤ ብርጭቆውን አየው። ቀለሙ የማር ነው፤ የከሪማ ጆንያ አልዋሸም። ምራቁን ዋጠ።

«መልሺው እትዬ» አላት። «አቶ ፈይሳ ሊሰናበቱኝ መጥተው ውስኪውን ቢያሸቱብኝ አንቺ እንደቀዳሽልኝ ያውቃሉ። የተናገርኩት ሁሉ ይበላሻል።»

አበዛሽ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ይዛው እንዳትገባ ውስጥ ሰው አለ፤ እንዳትደፋው ውስኪ ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ አልጠረገችውም።

«ለምን እሷ ናት አላልክም?» አለችው። «እኔ ነኝ እኮ የዋሸሁት። ለምን በራስህ ላይ አደረግኸው?»

ሰብስቤ ከከረጢቱ አንድ ብርቱካን አወጣና በአውራ ጣቱ መላጥ ጀመረ።

«አጎቱ አይደለሁም እንዴ?» አላት።